እባክዎ አይሙቱብኝ፣ እበላለሁ

አባታችን ካረፈ ወዲህ፣ ቤታችን ውስጥ አባት የሚያስፈልገው ጉዳይ በመጣ ቁጥር የሚጠራው እኔ ነኝ። ዕድር ላይ ስም ሲጠራ አባት እኔ ነኝ። የቧንቧ ሠራተኛ ሲመጣ አጠገቡ ቆሞ የገባው ለመምሰል አባት እኔ ነኝ። አይጥ ስትገባ እንኳ አባት እኔ ነኝ፤ ቀድሜ ወንበር ላይ የምወጣውም እኔው ነኝ። ሥልጣኑን እናቴ ይዛዋለች፤ ለእኔ የደረሰኝ ጭንቀቱ ነው።

ታናሽ እህቴ ትዕግስት ደውላ «ጋሼ፣ የዌይ አባት ሐሙስ ይገባሉ። ምሳ የምትጋብዛቸው አንተ ነህ» ያለችኝም በዚሁ ሹመቴ ነው።

ዌይ እጮኛዋ ነው። ቻይናዊ ነው፤ ሕንፃ ሲሠራ ከላይ የሚቆሙትን ረጃጅም ክሬኖች የሚተክል መሐንዲስ። ልጁን እወደዋለሁ። ትሁት ነው፣ አማርኛም እየሞከረ ነው። ችግሩ ስሙ ብቻ ነው። ትዕግስት ሳሎን ሆና «ዌይ!» ብላ ስትጠራው እናቴ ከጓዳ «ወይ!» ትላለች። እሱም ይመጣል፣ እሷም ትመጣለች፣ በር ላይ ይጋጫሉ፣ ይቅርታ ይጠያየቃሉ። ይኸው ሁለት ዓመታቸው።

«ምሳ መጋበዝ ምን አለው?» አልኳት፣ ደፋር ለመምሰል።

«ሰውየው ገና እሺ አላሉም። ዌይ አንድ ልጃቸው ነው። ቤተሰቡን በዓይኔ አይቼ ነው የምወስነው ብለዋል። ጋሼ፣ እባክህ እንዳታበላሽብኝ።»

«ምን ነበር ሥራቸው?»

«አሁን ጡረታ ናቸው። ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ነበሩ። ሦስት ሺህ ሠራተኛ በእጃቸው ነበር ይላል ዌይ።»

ሦስት ሺህ ሠራተኛ! እኔ የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። በእጄ ያለው ፋይል ብቻ ነው፤ እሱም ሲፈለግ አይገኝም። ስልኩን ዘግቼ ጨጓራዬን ያዝኩ። ጨጓራዬ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሞ ወሬ የሚሰማ አካል ነው።

በማግስቱ ትዕግስት ከኢንተርኔት ያገኘችውን ጽሑፍ አስተርጉማ በቴሌግራም ላከችልኝ። ወደዚያ አገር የሚሄዱ እንግዶች ስለ አበላልና ስለ አጠጣጥ ማወቅ ያለባቸው ነገር ነው። እኔ የምሄደው ከከተማው ዳር ከኮንዶሚኒየሜ እስከ ፒያሳ ነው፤ ቢሆንም እንደ ማትሪክ ተፈታኝ አጠናሁት። እንግዳ የሚቀመጠው ፊቱን ወደ በር አዙሮ ነው። ስታጋጭ ብርጭቆህ ከታላቅህ ብርጭቆ ዝቅ ይበል። እሱ ጨልጦ ከጠጣ አንተም ትጨልጣለህ። ሳህኑን ሙልጭ አድርጎ ከጨረሰ አላጠገብከውም ማለት ነው፤ ትንሽ ካስቀረ ጠግቧል። ቾፕስቲክ የሚሉት የመብያ እንጨታቸው ደግሞ ምግብ ላይ ቀጥ ብሎ አይተከልም፤ የሙት መታሰቢያ ይመስላልና።

የመጨልጡ ጉዳይ ላይ ስደርስ ላብ አጠመቀኝ። በሐኪም ትእዛዝ ስምንት ዓመት ሙሉ የአልኮል ጠብታ ከአፌ አልገባም። እናቴን አማከርኳት።

«አንተ ብትታመም ትድናለህ» አለችኝ። «እሷ ካላገባች ግን ማን ይችላታል?»

ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ፒያሳ ሥር እሪ በከንቱ ተወልጄ አድጌ፣ እንግዳ ቦሌ ወስጄ ላበላ? ምን በወጣኝ! «ፒያሳን ዓይኔን ጨፍኜ አውቃታለሁ» ብዬ ለዌይ ነገርኩት። እውነቴን ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ብሄድ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ልክ ስድስት ሰዓት ጊዮርጊስ በር ላይ ተገናኘን። ሰውየው አጠር ያሉ፣ ሰማያዊ ጃኬታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ፣ ትንሽ ጥቁር ቦርሳ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። እጃቸው ለቁመታቸው ትልቅ ነው። ስንጨባበጥ እጅጌያቸው ሸተት ሲል ክንዳቸው ላይ የተደረደረ የቆየ ጠባሳ አየሁ። የጦር ሜዳ ሰው ናቸው አልኩ በሆዴ። ከወገቤ እጥፍ ብዬ እጅ ነሣሁ። እሳቸውም እጥፍ አሉ። እኔ ደገምኩ፣ እሳቸውም ደገሙ። መጨረሻ ላይ ዌይ ነው በመሀላችን ገብቶ ያስቆመን።

ወዲያው የእሱ ስልክ ጮኸ። አነጋግሮ ሲጨርስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ። ክሬን ቆመ።»

«የክሬን ሥራው መቆም አይደለም እንዴ?»

«ሸክም ይዞ ቆመ። እኔ መውጣት አለብኝ።» አባቱን በቋንቋቸው አንድ ነገር አላቸውና ታክሲ ውስጥ ገብቶ በረረ።

ትዕግስትም አብራን አልነበረችም። እናቴ «የመጀመሪያ ቀን ሙሽሪት አትቀመጥም፣ ነውር ነው» ብላ ስለከለከለቻት ቤት ቀርታለች፤ ዌይ ምሳ ሳይበላ መሮጡን ስትሰማ ደግሞ ምሳ ይዛለት ወደ ሥራ ቦታው ሄደች። እንግዲህ ቀረን፤ እኔ፣ የእህቴ አማት፣ ስልኬ። ትዕግስት ስልኬ ላይ የምናገረውን ሁሉ ወደ ቻይንኛ፣ ቻይንኛውንም ወደ አማርኛ የሚመልስ አስተርጓሚ ጭናልኛለች። ድምፁ የሴት ነው፤ ቅዝቃዜው የባንክ ወረፋ የምትጠራውን ልጅ ይመስላል።

«ይከተሉኝ» ብዬ ወደ ድሮው ጥብስ ቤቴ መራኋቸው። ጥብስ ቤቱ የለም። ጥብስ ቤቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሰፈሩም የለም። ጥብስ ቤቱ በነበረበት ቦታ ሰፊ መንገድ፣ አበባ፣ መብራት የተንጠለጠለበት ምሰሶ ቆሟል። ሦስት ዓመት ሳልመጣ ቀርቼ ኖሮ ፒያሳ ሳትነግረኝ ልብሷን ቀይራለች። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ምርጫዬ ታጠፍኩ። እሱም አበባ ሆኗል። የጠፋኝ እንዳይመስል አበባውን በኩራት እያሳየሁ፣ «ያምራል፣ አይደል?» በሚል ፈገግታ ጊዮርጊስን አዞርኳቸው። ሁለተኛም አዞርኳቸው። ሽማግሌው ቦርሳቸውን ይዘው ይከተሉኛል።

ሁለተኛውን ዙር ስንጨርስ አንድ ሽበታም ሎተሪ አዟሪ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ሦስተኛ ዙር ካለ ጫማዬን አውልቄ ልከተላችሁ? ታቦት ሳላይ አልፌ እንዳይሆን ብዬ ነው» አለኝ።

የእፍረቴን ያህል ተጣድፌ ቁልቁል ወደ እሪ በከንቱ ወረድኩ። ቁልቁለቱ ወገብ ላይ አንዲት ክትፎ ቤት ሳትነካ ቆማ አገኘኋት። የእትዬ ወርቄ ክትፎ ቤት ናት። እትዬ ወርቄ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው እዚያው ያረጁ፣ እስከዛሬም ከምድጃ ፊት ያልተነሡ ሴት ናቸው። ልቤ ትንሽ መለስ አለች። ግን ገና ደፍ ላይ የመጀመሪያው ደንብ ጠበቀኝ፤ እንግዳ ፊቱን ወደ በር ያዞራል።

ቤቱ ሦስት በር አለው። አንዱ የመግቢያው፣ አንዱ የመጸዳጃው፣ አንዱ የማብሰያ ክፍሉ። መጀመሪያ ወደ መግቢያው አዞርኳቸው፤ ፀሐይ ዓይናቸውን ወጋቸው። አስነሣኋቸው። ሁለተኛው ወንበር መጸዳጃ ቤቱን ፊት ለፊት ያያል። ሦስት ሺህ ሠራተኛ ያስተዳደረ ሰው እዚህ? እንደገና አስነሣኋቸው።

አስተናጋጇ ገነት ምናሌውን ደረቷ ላይ አቅፋ ስታየን ቆይታ «ጋሼ፣ ወንበሩ ይቆረቁራል?» አለችኝ።

«በሩ ነው።»

«በሩ ይቆረቁራል?»

ማብሰያ ክፍሉን ፊት ለፊት በሚያየው ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። እዚያ ሲቀመጡ የሰውየው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ ሲል አየሁ። ዕድሌን አመሰገንኩ።

ስልኩን አፌ ጋር አድርጌ «እንኳን ደህና መጡ አባቴ። እንደ ቤትዎ ነው፤ ይጫወቱ» አልኩ። ስልኩ በቻይንኛ አነበነበው። ሰውየው ግራ ቀኝ አዩ፣ ጠረጴዛው ሥርም አዩ፣ ከዚያ በትሕትና መለሱ። ስልኩ ተረጎመው፤

«ምን ጨዋታ ነው? ካርታ ከሆነ አላውቅበትም።»

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቃል ከመናገሬ በፊት እንደ ሾህ እየመረመርኩ ነበር።

ገነት ክትፎውን በጣባ፣ ቆጮውን፣ አይቡን፣ ጎመኑን አምጥታ ደረደረችው። እንግዳው ፊት ያለው ጣባ ላይ ማንኪያው መሀል ለመሀል ቀጥ ብሎ ተተክሏል! የሙት መታሰቢያ! ዘልዬ ተነሥቼ ማንኪያውን በመዳፌ መታሁት። ማንኪያው ወደቀ፣ አይቡም አብሮ ዘሎ የሰውየው ጃኬት ላይ አረፈ። ገነት ጮኸች። ሰውየው ግን አይቡን በጣታቸው አንሥተው ቀመሱት፣ ቅንድባቸውን ወደ ላይ ሰቀሉና አንድ ነገር አሉ። ስልኩ «ያለ ጨው ነው። ጥሩ ነው» አለኝ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ማንም ጤነኛ ሰው ይረጋጋ ነበር። እኔ ግን ሰውየው ቦርሳቸውን ሲከፍቱ አየሁ። ውስጡ በጨርቅ የተጠቀለሉ ትናንሽ ብልቃጦች አሉ። ከመሀላቸው እንደ ውሃ የጠራ መጠጥ የሞላበት ጠርሙስ አወጡ። ክዳኑ ሲከፈት ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ የነበረ ሰው «ማን ነው የተወጋው?» አለ፤ ሽታው የክሊኒክ ነው። ገነት ሁለት መለኪያ አመጣች።

ቀዱና ብድግ አሉ። እኔም ብድግ። መለኪያቸውን ዘረጉ፤ እኔ የእኔን በትሕትና ዝቅ አደረግሁ። እሳቸው ደግሞ አዩኝና የራሳቸውን ከእኔ ዝቅ አደረጉ። «አይደረግም» ብዬ ከጠረጴዛው ልክ በታች አወረድኩት። እሳቸው እስከ ጉልበታቸው ወረዱ። እኔ ቁጢጥ አልኩ። እሳቸውም ጉልበታቸው ቀጭ እያለ ቁጢጥ አሉ። በመጨረሻ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጠረጴዛ ሥር፣ መለኪያ ወለል ላይ አስደግፈን፣ በአክብሮት ተፋጠጥን።

የገነት ጫማ አጠገባችን መጥቶ ቆመ። «ጋሼ፣ ምን ወድቆባችሁ ነው?»

«መከባበር» አልኳት ከታች።

እዚያው አጋጨን፣ ጨለጥን። ስምንት ዓመት ያረፈ ጨጓራ በአንድ ጊዜ ነደደ። ሆዴን ይዤ ፈገግ አልኩ። ሰውየው ፈገግታዬን አይተው ደገሙኝ። የመጀመሪያው ለጤና ነበር፣ ሁለተኛው ለልጆቹ፣ ሦስተኛው ለምን እንደሆነ ስልኩም አልነገረኝ። በእያንዳንዱ ሆዴን ይዤ ፈገግ እላለሁ። የሰውየው ዓይን ከፊቴ ወደ ሆዴ፣ ከሆዴ ወደ ፊቴ ይመላለስ ጀመር።

ምግቡ ደግሞ ሌላ ጦርነት ነው። ሰውየው ጣባቸውን ሙልጭ አድርገው ጨረሱ። ደንቡ ትዝ አለኝ፤ አልጠገቡም ማለት ነው! «ገነት፣ ድገሚ!» አልኩ። ደገመች። ሙልጭ አደረጉ። «ድገሚ!» ሦስተኛው ጣባ ሲመጣ ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ፣ ግን ማንኪያቸውን አልጣሉም። ለካ ልጃቸውም የእኛን አገር ሥርዓት አስጠንቷቸው ኖሯል። «እዚህ አገር ምግብ ካስተረፍክ ጠላው ይሉሃል፤ እንዳታስተርፍ» ብሏቸዋል። እሳቸው እኔን ላለማስከፋት ይጨርሳሉ፣ እኔ እሳቸውን ላለማስራብ እሞላለሁ። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት «እኚህ ሰውዬ ምን ዓይነት ሆድ ነው ያላቸው?» እያልኩ ነበር።

አራተኛው ላይ እጃቸውን አነሡ። አመነቱ። እኔ ደግሞ እንግዳ እምቢ ሲል ምን እንደሚባል ለማወቅ መመሪያ አያስፈልገኝም፤ ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት።

«በሞቴ!» አልኩ በስልኩ። «በሞቴ አንድ ጊዜ ብቻ!»

ስልኩ አነበነበ። ሰውየው ደነገጡ። ማንኪያቸውን አፈፍ አድርገው ያነሡት በዚያች ቅጽበት ነው። መልሳቸውን ስልኩ በዚያ ቀዝቃዛ ድምፁ ነገረኝ፤

«እባክዎ አይሙቱብኝ፣ እበላለሁ።»

ወገኖቼ፣ እኛ ሰው የምንጋብዘው በምን እንደሆነ እስከዚያች ቀን አስቤው አላውቅም። በሞቴ፣ እኔ ልሙት፣ አፈር ስሆን። አንድ ማዕድ ላይ ሦስት ቀብር። ለማስተካከል ተጣደፍኩ። «አይ አይ፣ አባባል ነው! ማለቴ፣ ሳይጠግቡ ከተነሡ ግን እኔ ሞቼ እገኛለሁ!» ብዬ አረፍኩት። ስልኩ ዓረፍተ ነገሩን ጀመረ፣ መሀል ላይ ሲደርስ ጩኸት አሰማና ጥቁር አለ። ባትሪው አለቀ።

የት ላይ እንዳቆመው አላውቅም። ሰውየው ግን አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። እጄ ሆዴ ላይ ነበር።

«አንድ ጊዜ» ብዬ በጣቴ አሳይቼ ወደ ባንኮኒው ሮጥኩ። ገነት ቻርጀር ፈለገች። የመጀመሪያው ጫፉ ቀጭን ነው፣ አልገባም። ሁለተኛው ገባ፣ ግን ሽቦው ካልተጣመመ አይሠራም። ጥምዝዝ አድርገን በስኳር ዕቃ ደግፈን አቆምነው። ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። ቦርሳውም የለም።

ጠረጴዛው ሥር አየሁ፤ የመከባበሩ ቦታ ባዶ ነው። መጸዳጃ ቤቱን አንኳኳሁ፤ «ሰው አለ!» ያለኝ ድምፅ የጎንደር ሰው ነው። ሰውየው ተቀይመው ሄደዋል። ጃኬታቸው ላይ አይብ ረጭቼ፣ ሦስት ወንበር አስቀይሬ፣ ጠረጴዛ ሥር አስቀምጬ፣ አብልቼ ላፈነዳቸው ደርሼ፣ በመጨረሻም በሞት አስፈራርቼ። እኔስ ብሆን እቀመጥ ነበር?

ስልኬን ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ፤ ዳገቱን በሩጫ። የታክሲ ተራ የሚያስከብር ሰው አገኘሁና አንገቱን ልይዘው ምንም አልቀረኝ።

«አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ አላየህም? አጠር ያሉ፣ ሰማያዊ ጃኬት፣ ተቆጥተው የሚሄዱ?»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ተቆጥቶ የሚሄድ አንድ ነው ያየነው። እሱም አንተ ነህ።»

ጊዮርጊስ ዘንድ ደረስኩ። ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ ሰው ከኋላው ይዤ አዞርኩ፤ የጥበቃ ሠራተኛ ነው፣ ተቆጣኝ። ደጀ ሰላሙ ፊት ቆሜ ተሳልኩ። «አባቴ ጊዮርጊስ፣ ዘንዶ ለሚያሸንፍ አንድ ሽማግሌ መመለስ ምን ይከብደዋል? ጧፍ አመጣለሁ» አልኩ። ከዚያ እያለከለክሁ የሚመጣውን ሁሉ በዓይነ ልቦናዬ አየሁት። ትዕግስት ክፍሏን ቆልፋ ታለቅሳለች። እናቴ ለዕድርተኛው ሁሉ «አማት አስይዤው ጣለ» ትላለች። ልጅ እያለች ከትምህርት ቤት ስመልሳት እጇን አጥብቄ የምይዛት ልጅ፣ አባታችን ሊሞት ሲል «እሷን አደራ» ያለኝ ልጅ፣ ሰላሳ ዓመቷ ላይ ደስታዋን ለአንድ ምሳ አደራ ብትለኝ፣ ይኸው። እዚያ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ፣ አላፍርም እነግራችኋለሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ግማሹ የመጠጡ ነው።

ቢሆንም መሸሽ አይቻልም። ስልኬን ወስጄ ራሴ ደውዬ ልንገራት ብዬ ወረድኩ። እንደ ተከሳሽ እግሬን እየጎተትኩ ክትፎ ቤቱ ስገባ ገነት ወገቧን ይዛ ትስቃለች።

«ጋሼ፣ ከማን ጋር ነው ሩጫው? እንግዳዎ'ኮ ጓዳ ናቸው!»

ገፍቼያት ገባሁ። የትዕግስት አማት ጃኬታቸውን አውልቀው፣ የእትዬ ወርቄን ሽርጥ ታጥቀው፣ ዝንጅብል ይከትፋሉ። አከታተፋቸው ዓይን አያየውም፤ ቢላዋው ብቻ ሳንቃው ላይ እንደ ዝናብ ይሰማል። ጠባሳው ያለበት ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ተገልጧል። ከቦርሳቸው የወጡት ብልቃጦች ተከፍተው ተደርድረዋል፤ ቅመም ናቸው። እሳት ላይ አንድ ድስት ሩዝ ይንተከተካል። እትዬ ወርቄ አጠገባቸው ቆመው በጉራጊኛ ይናገራሉ፣ እሳቸው በቻይንኛ ይመልሳሉ።

«ከየት አመጣኸው ይሄን ሰውዬ?» አሉኝ እትዬ ወርቄ። «እጁ የተባረከ ነው!»

«ምን ይላሉ?»

«እሳቱን ቀንሺው ነው የሚለኝ።»

«በምን አወቁ?»

«አንተ ደግሞ! እሳት ፊት የቆመ ሰው ሌላ ምን ይላል?»

ገነት ስልኬን አመጣችልኝ። ነፍስ ዘርቷል። ወደ ሰውየው አስጠጋሁት። ድስቱን እያማሰሉ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ ተናገሩ። ስልኩ እየቆራረጠ ተረጎመ፤

«ስልክዎ እኔ ሞቼ ተገኘሁ አለኝ። ሆድዎን ይዘው ነበር። ከመጀመሪያው መለኪያ ጀምሮ አይቻለሁ። ስለዚህ ለሆድ የሚሆን ሾርባ ልሠራ መጣሁ። እርስዎ ግን ሮጠው ሄዱ። ለመሞት የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ለምን ያንን ሁሉ ቀዱልኝ ታዲያ?» አልኩ።

«ልጄ ነው። እዚህ አገር አብሮ ያልጠጣ አይታመንም አለኝ። እኔም ሐኪም ከልክሎኛል።»

ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ተያየን።

ቀስ እያልኩ ነው የገባኝ። ሰውየው ሥራ አስኪያጅ አልነበሩም፣ ጦር ሜዳም አልዋሉም። የፋብሪካው ሠራተኞች መመገቢያ ቤት ውስጥ አርባ ዓመት ያበሰሉ ሰው ናቸው። ሦስት ሺህ ሠራተኛ በእጃቸው ነበር ማለት፣ ሦስት ሺህ ሠራተኛ ከእጃቸው ይበላ ነበር ማለት ነው። ጠባሳው የዘይት ነው።

በርጩማ ላይ አስቀምጠው ሾርባውን በጎድጓዳ ሳህን ሰጡኝ። ሩዝ፣ ዝንጅብል፣ ከእትዬ ወርቄ ጎመን ጥቂት። ሁለት ማንኪያ እንደወሰድኩ ጨጓራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ዝም አለ። እሳቸው ሌላ በርጩማ ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ስልኩን ራሳቸው አነሡትና በዝግታ አወሩ።

«ልጄ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ይደውልልኛል። ሲበላ አየዋለሁ። ኮንቴይነር ውስጥ ነው፣ ብቻውን ነው። እናቱ የለችም። እኔ ሦስት ሺህ ሰው አበላሁ፣ ልጄ ብቻውን ይበላል። አንድ ነገር ልጠይቅ ነው የመጣሁት። እህትዎ ስትበላ ብቻዋን ነው?»

መመሪያው ላይ ለዚህ መልስ የለም። ስለ ትዕግስት ደግነት፣ ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ቤተሰባችን ክብር ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም። የመጣልኝን ተናገርኩ።

«አባቴ፣ እህቴ በሕይወቷ የራሷን ሳህን አክብራ አታውቅም። ያደገችው ከእኔ ሳህን እየነጠቀች ነው። እንቁላሌን በልታብኛለች፣ የፆም ፍቺ ሥጋዬን በልታብኛለች። አሁን እንኳ ቤቴ ስትመጣ የእሷ ተቀምጦ የእኔን ነው የምትበላው። ብቻዋን እንድትበላ ቢፈረድባት የምትታመም ይመስለኛል።»

ስልኩ ሲያነበንብ ግንባሬን ያዝኩ። ምን አልኩ? የገዛ እህቴን ሌባ ነች አልኩ'ኮ!

ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ድስቱን አዩ። እትዬ ወርቄ እንኳ ቅቤ ማቅለጡን ትተው ቆሙ። ከዚያ የሽማግሌው ትከሻ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሱ መሰለኝና ልነሣ ስል፣ ለካ ሳቅ ነው። ዓይናቸውን በሽርጡ ጠራርገው አንዲት አጭር ቃል ተናገሩ።

ስልኩ «እሺ» አለኝ።

«እሺ ማለት ምን እሺ?» ልል አፌን ስከፍት ስልኩ ጮኸ። ትዕግስት ናት።

«ጋሼ! አንድ ሰዓት ሙሉ ስልክህን ዘግተህ! ልሞት ነው እኮ! ምን አሉ? ተናገር!»

ድምፅዋ የታፈነ ነው። «ምንድነው አፍሽ ውስጥ ያለው?»

ዋጠች። «የዌይ ምሳ ነው። እሱ ክሬኑ ላይ ወጥቶ ቀረ፤ ሲጨንቀኝ ጊዜ... ትንሽ ብቻ ነው የቀመስኩለት።»

«ምን ያህል ቀረ?»

«...ሰላጣው አለ።»

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ያዝኩት። እሷ አላወቀችም፤ «ጋሼ? ጋሼ?» እያለች ደግሞ አንድ ጎረሰች። ሰውየው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው በጥሞና ሲያዳምጧት ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው የተረፈውን ሾርባ ክዳን ባለው ሳህን ገለበጡት፣ ገነት ፌስታል አመጣችላቸው። ክሬኑ ሥር እንዳደርስላቸው በእጃቸው ጠቆሙኝ።

ፌስታሉን ተቀብዬ ውስጡን አየሁ። አንድ ሳህን ነው። ማንኪያው ሁለት።